እኔን ጠይቁ

ማቴዎስ ከመሞቱ በፊት የነበረው ረቡዕ እንደ ሌላው ረቡዕ ነበር። አሁን ሳስበው ይህ ራሱ ያናድደኛል። ቀኑ አንድ ምልክት ቢሰጠን ምን ነበረበት? አልሰጠንም። ቡና ለቀምን፣ ተሸክመን ወረድን፣ አስመዘንን፣ ተመለስን።

ወንድሜ ረጅም ስለነበር ላይኛውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ይይዝልኛል፤ እኔ ቀይ ቀዩን እለቅማለሁ። ያልበሰለ ከቀላቀልኩ ፍሬውን ዓይኔ ሥር ያመጣውና፣ "ኤሉ፣ ይሄ እኮ ገና ሕፃን ነው። ምን አድርጎህ ነው?" ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ሬኮ መንደር ወዳለው የቡና ማጠቢያ ወረድን። በለቀማ ወቅት የሬኮ ሽታ አንድ ነው። የተፈለፈለው ቡና ልጣጭ ተቆልሎ ይብላላል፤ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ። ልብስ ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ቤት ይመጣል።

ወደ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀመጥንና ማቴዎስ እጁን ዘረጋ።

"እስቲ ጥያቄዎቼን አምጣ።"

የኔ ሥራ ይህ ነበር። ማቴዎስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ ወርዶ ኢንተርኔት ከፍቶ፣ ሰው የጠየቀውን ፈልጎ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄውን የምለቅመው እኔ ነኝ። ጥያቄ ያለው ሰው አንድ ደረቅ የቡና ፍሬ ይሰጠኛል፤ እኔ ኪሴ እከተዋለሁ። ጥያቄው ሲመለስ ፍሬው ለባለቤቱ ይመለሳል። የማን የትኛው እንደሆነ አይጠፋኝም ነበር። ልጅ ስትሆን ፍሬም መልክ አለው።

"ይሄ የአባባ ጅግሶ ነው" አልኩት። "እንሰታቸው እየጠወለገ ነው። ይነቀል ወይስ ይታከም?"

"ይሄስ?"

"የእማማ ብርቄ።"

የእማማ ብርቄ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው። ልጃቸው በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። "ኢንተርኔት ዓለምን ሁሉ ያያል ይባል የለ? የኔንም አይቶት እንደሆን ጠይቅልኝ" ይሉኛል። ያ ፍሬ ኪሴ ውስጥ አርጅቶ ነበር።

ጥያቄዎቹን ሳንጨርስ ጎረቤታችን ምህረት መጣች። ከማጠቢያው የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ስትገላብጥ ውላ እጇ እንደቆሸሸ ነው።

"ማቴ፣ የኮሌጁ ስም ዝርዝር ወጣ አሉ።"

"ማን አለ?"

"የአይሱዙው ሹፌር። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል አለ።"

"የትኛው ዓርብ?"

"የከነገ ወዲያው።"

ማቴዎስ ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ። ምህረት የመምህራን ኮሌጅ ለመግባት ስትፈተን ሁለተኛዋ ነበር። አምና ዝርዝሩ ወጣ ሲባል በወሬ ዲላ ድረስ ብትሄድ፣ "ገና ነው፤ በድረ ገጽ ይለጠፋል፤ ተከታተሉ" ብለው መለሷት። በዚያች አንድ ቀን የአልጋ ሥራዋን ሌላ ሴት ያዘችባት። ዝርዝሩ በኋላ ወጣ። እኛ ስንሰማ ምዝገባው አልፎ፣ ቦታዋ ለተጠባባቂ ተሰጥቶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ መፈተን አይፈቀድም።

ማቴዎስ ዲላ የሚሄደው ቅዳሜ ነው። ምህረትም ታውቃለች። ሂድልኝ አላለችም። መሬት መሬት እያየች ቆመች።

"ጥያቄሽን ለኤሉ ስጪዋ" አላት። "ያለ ፍሬ አይሠራም።"

ሳቀችና ጎንበስ ብላ አንድ ፍሬ ከደጃፋችን አነሳች፤ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። እጇ ያንኑ ሽታ ይሸታል።

"ነገ እሄዳለሁ" አለ ማቴዎስ።

ያ ቀን እንዲህ አለቀ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ወረቀት ነው። ባለፈው ወር ሬኮ ሄጄ ነበር። ልጣጩ ይሸታል፤ ምንም አልተለወጠም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ትልቅ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። እንዲህ ይላል፦ ፈተናውን ያለፋችሁ፣ የስም ዝርዝራችሁን በድረ ገጻችን ተመልከቱ። ከጽሑፉ ሥር የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነው። ቆሜ አየሁት። ስሞቹ እዚያ ባዶው ላይ ይበቁ ነበር። ወረቀቱ ከወረዳው ከተማ ከፍስሐ ገነት ሬኮ ድረስ በሰው እጅ መጥቷል፤ ያ ሰው ስሞቹን ይዞ መምጣት አቅቶት ነው? ስለዚህ ነው የምጽፈው። ጽሑፍ አልለመድኩም። ግን ያ ባዶ ቦታ አላስተኛኝ አለ።

ያኔ እኛ ዘንድ ኢንተርኔት የለም ስል ታወር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ታወሩማ ነበር። ከመንደራችን በላይ ጉብታው ላይ ተተክሏል፣ በሽቦ ታጥሯል፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ዘበኛ አሉት። የተተከለ ዕለት በሬ ታርዶ ንግግር ተደርጓል። አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። ፍስሐ ገነት ድረስ ብትወርድ ስልክ ያነጋግርሃል፤ ገጽ ክፈት ብትለው ግን ይዞርና ይዞርና ይተወዋል። ስለዚህ ዲላ።

እኔ ኢንተርኔቱ ታወሩ ውስጥ የተኛ ይመስለኝ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን እንዲነቃ ድንጋይ እንወረውርበታለን። ብረቱ "ጓ!" ይላል። ጋሽ ወርቁ ከዳሳቸው ብቅ ይሉና፣ "ማነው እሱ? ታፈነዱታላችሁ!" ብለው ይጮሃሉ። እኛ እንፈረጥጣለን። በሩቁ ቆመን ነቅቶ እንደሆነ እናዳምጣለን።

ሌላም ነገር አምን ነበር። ማቴዎስ ከዲላ ሲመለስ ዳገቱን ጎበጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ስልኩ ሞልቶ ከብዶት ነው እል ነበር። አንድ ቅዳሜ እንደመጣ ስልኩን ተቀብዬ ወደ ቡና መረከቢያው ሮጥኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌው አልነቃነቅ አለ።

መዛኙ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ባዶ ነው" አለኝ።

"ዛሬ ዲላ ሞልቶት ነው የመጣው!"

"እንግዲያ ዲላ አታለውታል። እዚያ ሚዛን ያጭበረብራሉ።"

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ማቴዎስ ነገሩን ሲሰማ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ፣ "ኤሉ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ መጣ?" እያለ ተጫወተብኝ።

ሥራውን ሲጀምር እንዲህ በሳቅ አልተቀበሉትም። ለሁሉም የሚሆን ወሬ በኛ አገር ሶንጎ ላይ ይነገራል። ሶንጎ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ ትልቅ ዛፍ፣ ዝቅተኛ አጥር። ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይሰማሉ። ወሬ ይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ከማን አፍ እንደሰማው ይናገራል። ያንን ካልተናገረ አይሰማም። ማቴዎስ የቡና ዋጋ ይዞ የቆመ ዕለት ሽማግሌው አባባ ጅግሶ ጠየቁት።

"ከማን አፍ ነው?"

"ከኢንተርኔት ነው፣ አባባ።"

"የማን ልጅ ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማቴዎስም አልሳቀም።

"የማንም ልጅ አይደለም" አላቸው።

"ታዲያ ሲዋሽ ማንን እንጠይቃለን?"

ማቴዎስ ብዙ አሰበ። ከዚያ፣ "እኔን ጠይቁ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ወጉ ይኸው ሆነ። ዲላ ተቀምጦ ያገኘውን በቋንቋችን በጌዴኡፋ እየመለሰ በድምፁ ይቀዳል። ገጹ ወይ በአማርኛ ነው ወይ በእንግሊዝኛ። እማማ ብርቄ የሚገባቸው በጌዴኡፋ ነው፤ ይህንንም ያሰበበት ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፦ "እኔ ማቴዎስ ነኝ። ዲላ ሆኜ በዓይኔ አይቼ ነው። ውሸት ከሆነ እኔን ጠይቁ።" ቅጂውን ሰው በሚሞሪ እየወሰደ ማዶ መንደር ድረስ ያሰማል። እሱ ያልረገጠው ቦታ ሁሉ ድምፁ ይደርስ ነበር።

ጠይቀውታልም። አንድ ቅዳሜ ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ገጽ አየና እንደ ልማዱ ቀዳ። ገጹ ላይ ቀን አልነበረውም። ለካ የአምና ነው። ሰው ለቀማውን ነገ እናስመዝናለን ብሎ አሳደረ። እሸት ቡና አያድርም፤ ካደረ ይግላል። በነጋታው መዛኙ እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና፣ "ይሄ ተቀቅሏል፤ አልረከብም" አለ። የስንት ሰው ልፋት ገደል ተደፋ።

ሶንጎ ላይ ማቴዎስን አቆሙት። ሰበብ አልደረደረም። "እኔን ጠይቁ ብዬ ነበር። ይኸው ቆሜያለሁ" አለ። ቡናው የተበላሸበት ሰው ቤት ሁሉ እየሄደ ያለ ክፍያ አንድ አንድ ቀን እንዲለቅም ተፈረደበት። ለቀመ። እኔም አብሬው ለቀምኩ።

"ገጹን የጻፈውስ ሰውዬ?" አልኩት አንድ ቀን። "እሱ የማን ቤት ነው የሚለቅመው?"

"እሱን የሚያቆመው ሶንጎ የለም፣ ኤሉ" አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል፤ ስለገባኝም ነው የምናደደው።

አንድ ጊዜ ዲላ ይዞኝ ወርዶ ነበር። ኢንተርኔቱን ላየው ነው ብዬ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ። ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ማቴዎስን ታውቀዋለች።

"ደሞ መጣህ? ዛሬስ ሻዩን ነው ወይስ ፓስዎርዱን?"

"ሻዩ ለልጁ፣ ፓስዎርዱ ለኔ።"

አጠገባችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ከነሱ አንዱ፣ ማቴዎስ ገጽ በገጽ ሲያወርድ ሲያየው ቆየና፣ "ብሮ፣ ቀበሌውን በሙሉ ዳውንሎድ ልታደርግ ነው እንዴ?" አለው። ጓደኞቹ ተንከተከቱ።

"ቀበሌውማ እኔ ጋ ነው ያለው" አለ ማቴዎስ። "አፕሎድ የሚያደርገው ጠፍቶ ነው እንጂ።"

ልጁ እንደገና ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ሌላ ነበር። ወንበሩን አስጠጋና የእንሰቱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ ሲያስረዳው ቆየ። ከዚያ ማቴዎስ ወጥቶ የሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ቁጢጥ ብሎ ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ መናገር ጀመረ። ባጃጅ ሲጮህ ያቆማል፣ ሲያልፍ ይቀጥላል። ኢንተርኔት ማለት ይሄ ነው? አልኩ በልቤ። ወንድሜ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ?

ምህረት ፍሬዋን በሰጠችኝ ማግስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ማቴዎስ ጎህ ሳይቀድ ሄደ። ስነቃ ጋቢው ብቻ ነበር።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ። በለቀማ ወቅት የማይጠበቅ ከባድ ዝናብ። ማቴዎስ ዲላ ማደር ይችል ነበር፤ የአክስታችን ቤት አለ። ግን ለዓርብ መልእክቱ በሐሙስ ካልደረሰ ምን ያደርጋል? ስልክ ደውሎ እንዳይናገር የሚደወልበት የለም። ታወሩ ጉብታው ላይ ቆሞ ይረጥባል። ስለዚህ ከፍስሐ ገነት ሞተር ተሳፍሮ መጣ። ዳገቱ ላይ፣ ቀዩ ጭቃ ላይ፣ ሞተሩ ተንሸራተተ። አሽከርካሪው እግሩ ተሰበረ። ወንድሜን ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት መጡ።

ስልኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። አልረጠበም። እናቴ ከልብሱ ጋር ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ማታ ቤታችን በሰው ሞላ። ምህረት ከሴቶቹ ጋር መጥታ አለቀሰች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው። ማንም ስለ ዝርዝሩ አልጠየቀም። እንዴት ይጠየቃል? ከፍስሐ ገነትም አንድ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው በመኪና መጣ። ለቅሶ ደርሶ፣ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ምን ሊያመጣ ዲላ ሄደ ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ነገረው።

"ዝርዝሩማ ከሰኞ ጀምሮ ወጥቷል" አለ ሰውዬው። "እኔ ራሴ ዲላ ሆኜ በስልኬ አይቼዋለሁ። ኅብረተሰቡ የመከታተል ችግር አለበት።"

ከሰኞ ጀምሮ። ማክሰኞ በዚሁ መንገድ በመኪናው አልፏል፤ አይተነዋል፤ እጁን አውለብልቦልናል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ወንድሜ ሐሙስ ቡና ለቅሞ ይውል ነበር። ማንም ምንም አላለውም። እንግዳ ነው፤ ለቅሶ ደርሶ ነው። እኔ ጥግ ሆኜ ፊቱን አየሁት። የማን ልጅ ነው? አልኩ በልቤ። ሲያጠፋ ማንን እንጠይቃለን?

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ስለ ቀብሩ ሊመክሩ ሶንጎ ተቀመጡ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ደጃችን ላይ ናት፤ ሶንጎው ከዚያ አይርቅም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ስልክ ከነፌስታሉ አንስቼ ወጣሁ። ሰዎቹ መሐል ገባሁና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሲቀዳና ሲከፍት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የመጨረሻውን ቅጂ ነካሁት።

መጀመሪያ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ ማቴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንደምን ዋላችሁ።"

አጎቴ ብድግ አለ። "አጥፋ! አንተ ልጅ አብደሃል? ሬሳው ቤት ተኝቶ!"

"ተወው" አሉ አባባ ጅግሶ። "ይጨርስ።"

የጠወለገው እንሰት እንዲነቀልና እንዲቀበር፣ የነካውም ቢላዋ በእሳት እንዲለበለብ ተናገረ። "እማማ ብርቄ፣ ዛሬም አላገኘሁትም፤ መፈለጌን አላቆምኩም" አለ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ጠብታ ይሰማ ጀመር። "ዝናብ መጣ፤ ቶሎ ልጨርስ" አለ። እናቴ ደጅ ሆና ድምፁን ሰማች። ስሙን እየጠራች፣ ነጠላዋ መሬት ላይ እየተጎተተ ወደ አጥሩ ሮጠች። ሴቶቹ ያዟት። ያ ጥሪ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ምህረት አልፋለች" አለ ማቴዎስ። "ስሟን አይቻለሁ። ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመዘገበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሥራ ብላ እንዳትቀር። እኔ ማቴዎስ ነኝ። ዲላ ሆኜ በዓይኔ አይቼ ነው። ውሸት ከሆነ እኔን ጠይቁ።"

ቅጂው አለቀ። አባባ ጅግሶ በከዘራቸው መሬቱን ነኩ።

"ምህረት የት አለች?"

ከአጥሩ ውጭ እናቴን ደግፋ ቆማ ነበር። "አለሁ፣ አባባ።"

"ሂጂ።"

"ሳይቀበር? እንዴት ብዬ?" በኛ አገር ሬሳ ቤት ተኝቶ ከሰፈር የሚወጣ የለም። ነውር ነው። ጠላት ብቻ ነው የሚያደርገው።

"ሳይቀበር ሂጂ" አሉ። "ሬሳው ነው የላከሽ። ውሸት ከሆነ እኛን ጠይቂ።"

እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘኋት። በመንገድ አልተነጋገርንም። አይሱዙው ሲመጣ ፍሬዋን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። ጥያቄዋ ተመልሷል። ጨበጠችው፤ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ። በሰዓቱ ደርሳ ተመዝግባለች፤ ይህን የሰማነው ግን ከቀብሩ በኋላ ነው።

ስመለስ በጉብታው በኩል ወጣሁ። ታወሩ በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫል። ዝናቡ ሌሊቱን አጥቦት ንጹሕ ሆኗል። ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አነሳሁና ባለኝ ኃይል ወረወርኩ። ብረቱ ጓ አለ። ይነቃል ብዬ አልነበረም። ያን ቀን ውስጡ ማንም እንደሌለ ገብቶኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ከዳሳቸው ብቅ አሉ።

"ማነው እሱ?"

አልሮጥኩም።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ወርቁ። የማቴዎስ ወንድም ኤልያስ። እኔን ጠይቁ።"

አዩኝ። ቆባቸውን አወለቁ። ወንድሜን ልቀብር ቁልቁል ወረድኩ።